ከባድ ሱዶኩን ሳይገምቱ እንዴት መፍታት ይቻላል

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ብዬ አንድ ከባድ ሱዶኩ ጀመርኩ። አቦሉ ሲቀዳ ግማሹን ሞልቼ ነበር፤ ከዚያ ቆመብኝ። አንዱ ባዶ ቦታ ወይ 4 ነው ወይ 6። «በቃ 6 ይሁን» ብዬ ጻፍኩና ቀጠልኩ። ቁጥሮቹም ተራ በተራ ይገቡልኝ ጀመር። በረካው ሲደርስ ግን የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሁለት 6 ተገናኙ። ከየት ጀምሬ ላጥፋ? የገመትኩት የትኛው ላይ እንደነበር እንኳ ጠፍቶኛል። ላጲሱም ወረቀቱን በሳው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምክንያቱን በአፌ መናገር የማልችለውን ቁጥር አልጽፍም። ይህን ማድረግ የሚቻለው በትክክል የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድና አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። መልሱ አንድ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር እዚያ የተቀመጠበት ምክንያት አለው።

ጨዋታው የጃፓን ስም ይኑረው እንጂ የዛሬ መልኩን የያዘው አሜሪካ ውስጥ ነው። ሃዋርድ ጋርንስ የሚባል አርክቴክት እንደሠራው ይታመናል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ዴል በሚባል አሳታሚ መጽሔት ላይ ወጣ። ኒኮሊ የተባለው የጃፓን አሳታሚ በ1984 ወስዶ አሁን የምናውቀውን ስም አወጣለት። በ2004 የለንደኑ ዘ ታይምስ ማተም ሲጀምር ዓለምን አዳረሰ። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። በ2012 ጋሪ ማክጓየር የሚባል የደብሊን የሒሳብ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በኮምፒውተር ፈትሾ፣ ከ17 ያነሱ ቁጥሮች የተሰጡበት ሱዶኩ አንድ ብቻ መልስ ሊኖረው እንደማይችል አሳየ። ስለዚህ ከየትም ያገኛችሁትን ሱዶኩ ስትጀምሩ የተሰጡትን ቁጥሮች ቁጠሩ። 16 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

በቃላት እንግባባ። አግድም ያለውን ረድፍ፣ ወደ ታች ያለውን ዓምድ፣ ሦስት በሦስት የሆነውን ሳጥን እላለሁ። አንዷን ትንሽ ቦታ ደግሞ እንደ ገበጣ «ቤት» እላታለሁ። ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራል። ሕጉን ታውቁታላችሁ፦ ከ1 እስከ 9 ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየሳጥኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል።

ዕጩዎችን ጻፉ

መጀመሪያ ቀላሉን ልቀሙ። አንድ ቁጥር ያዙና፣ 5 እንበል፣ የት የት እንዳለ እያያችሁ የየትኛውን ረድፍና ዓምድ በር እንደዘጋ ተመልከቱ። በዚህ የሚገኘው ሁሉ ሲያልቅ እርሳስ አንሱ። በእያንዳንዱ ባዶ ቤት ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች ሁሉ በትንንሹ ጻፉ። እነዚህ የዚያ ቤት ዕጩዎች ናቸው። ስልክ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ የእርሳስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉ።

ብዙ ሰው ይህን ይሰለቻል። ግማሹን ጽፎ ግማሹን በጭንቅላቱ ይይዛል። እኔ ከልቤ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ይህን ነው፦ ወይ ሁሉንም ጻፉ፣ ወይ ጭራሽ አትጻፉ። ግማሽ ዝርዝር ሰውን ያሳስታል፤ ያልተጻፈው ዕጩ የሌለ ይመስላችኋልና። አንድ ቁጥር ቦታውን ባገኘ ቁጥር ደግሞ ከረድፉ፣ ከዓምዱና ከሳጥኑ ዕጩዎች ውስጥ ወዲያው አጥፉት። «ቆመብኝ» የሚለኝን ሰው ወረቀት ሳይ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ሳይጠፋ የቀረ ዕጩ ነው።

ከዚህ በኋላ የምትጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል። ቀላል ሱዶኩ ላይ «ይህ ቁጥር የት ይገባል?» እንላለን። ከባዱ ላይ ግን «ይህ ቁጥር የት ሊገባ አይችልም?» ነው የምንለው። ሥራው ሁሉ ማጥፋት ነው። እያጠፋችሁ ስትሄዱ አንድ ቤት አንድ ዕጩ ብቻ ይቀረዋል፤ ያኔ ትጽፉታላችሁ።

የተደበቀው ብቸኛ

ረድፍ 5 ላይ አራት ባዶ ቤቶች አሉ እንበል። ዕጩዎቻቸው በቅደም ተከተል 2-7፣ 2-4-7፣ 2-4-7-9 እና 2-4 ናቸው። ሦስተኛው ቤት አራት ዕጩ ስላለው ዓይናችሁ ዘሎት ያልፋል። ግን 9ን ፈልጉት። ከአራቱ ቤቶች እሱ ብቻ ነው 9 የያዘው። ረድፉ ያለ 9 ሊቀር አይችልም፤ ስለዚህ እዚያ 9 ነው። ወደ ከባዱ ዘዴ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን በሁሉም ረድፍ፣ ዓምድና ሳጥን ላይ ፈትሹ።

ሳጥን ረድፉን ሲያዝ

በግራ በኩል ላይኛው ሳጥን ውስጥ 6 ገና አልገባም። ሊገባ የሚችለው በሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ረድፍ 2 ላይ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ግን አንድ ነገር አውቀናል፦ የረድፍ 2 ስድስት ከዚህ ሳጥን አይወጣም። ስለዚህ ከረድፍ 2 የቀሩት ስድስት ቤቶች ውስጥ 6ን አጥፉ። ረድፍ 2፣ ዓምድ 8 ላይ 6-8 የሚል ካለ አሁን 8 ሆነ።

ተገላቢጦሹም ይሠራል። የረድፍ 7 ሦስት ሊገባ የሚችለው በዓምድ 4 ወይም 5 ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱም ቤቶች አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ከዚያ ሳጥን ረድፍ 8 እና 9 ላይ ያሉትን 3ቶች አጥፉ።

ጥንዶች

ሁለት ወንበር አለ፤ ሁለት ሰዎችም ከእነዚያ በቀር ሌላ መቀመጫ የላቸውም። ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ አይታወቅም፤ ሦስተኛ ሰው እንደማይቀመጥ ግን ይታወቃል። ጥንድ ማለት ይህ ነው።

ዓምድ 4 ላይ አምስት ባዶ ቤቶች አሉ። ረድፍ 1 ላይ 3-8፣ ረድፍ 3 ላይ 3-5-8፣ ረድፍ 6 ላይ 3-8፣ ረድፍ 7 ላይ 1-5-8-9፣ ረድፍ 9 ላይ 1-3-9። ረድፍ 1 እና 6 ላይ ያሉት ቤቶች 3ን እና 8ን ተካፍለዋል። እንግዲህ ከሌሎቹ ሦስት ቤቶች 3 እና 8 ይጥፉ። ረድፍ 3 ላይ 5 ብቻውን ቀረ፤ ጻፉት። 5 ስለተያዘ ረድፍ 7 ላይም ይጠፋል። ረድፍ 7 እና 9 ደግሞ 1-9፣ 1-9 ሆነው ሌላ ጥንድ ሠሩ። ከአንድ ጥንድ ይህን ያህል ተገኘ።

የተደበቀ ጥንድም አለ። አንድ ሳጥን ውስጥ 2 እና 9 የሚገኙት በሁለት ቤቶች ብቻ ነው፤ አንዱ 2-4-6-9፣ ሌላው 2-7-9 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሌላ መጠጊያ ስለሌላቸው ቤቶቹ የእነሱ ናቸው። 4፣ 6 እና 7 ከእነዚያ ቤቶች ይውጡ።

ሦስትም ሲሆኑ ነገሩ ያው ነው። 1-4፣ 4-7፣ 1-7 አንድ ዓምድ ላይ ካገኛችሁ ሦስት ቤት ሦስት ቁጥር ማለት ነው፤ ሦስቱንም የያዘ አንድም ቤት ባይኖር ግድ የለም።

አራቱ ማዕዘኖች

እዚህ ድረስ ሠርታችሁ ከቆመ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጡ። ሦስት፣ አራት ጊዜ ገብቶ የቀረው ያልገባ ቁጥር ቢሆን እመርጣለሁ። 7 ይሁን። 7 ዕጩ የሆነበትን ቤት ሁሉ አክብቡ፤ ሌላውን ቁጥር እርሱት። አሁን 7 ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ረድፍ ፈልጉ።

ረድፍ 2 ላይ 7 የሚገባው ዓምድ 3 ወይም ዓምድ 8 ላይ ብቻ ነው። ረድፍ 6ም ልክ እንደዚሁ፤ ዓምድ 3 ወይም 8። በጣታችሁ አገናኟቸው፤ አራት ማዕዘን ይሠራሉ። የረድፍ 2 ሰባት ዓምድ 3 ላይ ከሆነ የረድፍ 6 ሰባት ወደ ዓምድ 8 ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓምድ 8 ላይ ከሆነ ሁለተኛው ወደ ዓምድ 3 ይመጣል። በየትኛውም መንገድ ሁለቱም ዓምዶች ሰባታቸውን ከእነዚህ ሁለት ረድፎች ያገኛሉ። ስለዚህ በዓምድ 3 እና 8 ከላይም ከታችም ያሉትን የቀሩ 7ቶች አጥፉ። በእንግሊዝኛ ኤክስ ዊንግ የሚሉት ይህን ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ያገኘሁት ቀን ተነስቼ ቆሜያለሁ።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ። ረድፍ 4፣ ዓምድ 2 ላይ 1-5 አለ። በዚያው ረድፍ ዓምድ 7 ላይ 5-9፤ በዓምድ 2፣ ረድፍ 8 ላይ ደግሞ 1-9። የመጀመሪያው ቤት 1 ከሆነ ከሥሩ ያለው 9 ይሆናል። 5 ከሆነ በጎኑ ያለው 9 ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ የግድ 9 ነው። ረድፍ 8፣ ዓምድ 7 ያለው ቤት ከአንዱ ጋር በረድፍ፣ ከሌላው ጋር በዓምድ ስለሚገናኝ 9 ሊሆን አይችልም።

«ይሄማ ያው ግምት አይደል?» ያለኝ ሰው አለ። አይደለም። ገማች አንዱን መንገድ መርጦ ሌላውን ይተዋል። እዚህ ግን ሁለቱንም መንገድ ሄደን አየን፤ የወሰድነውም ሁለቱም የተስማሙበትን ብቻ ነው። 1 ይሁን 5 ገና አልወሰንንም፤ 9 ግን ጠፍቷል። ቢሳሳት የሚያስከፍለን ነገር የለም፤ ሊሳሳት አይችልምና።

አንድ ዕጩ ባጠፋችሁ ቁጥር ወደ ቀላሉ ተመለሱ። ከባዱ ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ከዚያ ውሉ ተገኘና ልቃቂቱ ይተረተራል። አንድ ቤት ዕጩ አልባ ሆኖ ከቀረ ግን ስህተቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። የተሰጡትን ብቻ አዲስ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ጀምሩ። እርግጥ ከዚህም የሚብሱ አሉ። ፊንላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ አርቶ ኢንካላ የሠራቸው ለእነዚህ ዘዴዎች አይበገሩም፤ ረጃጅም «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ሰንሰለቶችን ይጠይቃሉ። ጋዜጣና ስልክ ላይ «ከባድ» ተብለው ለሚወጡት አብዛኞቹ ግን እነዚህ ይበቃሉ።

የዚያን ቅዳሜውን ሱዶኩ በማግስቱ ገልብጬ እንደገና ሠራሁት። ያ ቤት 4 ነበር። እዚያው ረድፍ ላይ ሁለት ቤቶች 6-9፣ 6-9 ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዕጩዎቹን ስላልጻፍኩ ነው ያላየኋቸው።