«ሁሉን እችላለሁ» ከማለታችሁ በፊት

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ስመራ ዓመታት አለፉ። ሰዉ ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ፊልጵስዩስ 4፥13ን ከቦታው ነቅሎ መያዝ ነው። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።» ለፈተና ይጠቀሳል፣ ለቅጥር ይጠቀሳል፣ ለውድድር ይጠቀሳል። እባካችሁ፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ውጡ! ጳውሎስ እስር ላይ ሆኖ ነው የሚጽፈው። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ይላል ቁጥር 11፤ ቀጥሎ መጥገብና መራብን፣ መብዛትና መጉደልን ይቆጥራል። «ሁሉን» ያለው እነዚህን ነው። ቢሞላም ቢጎድልም እኖራለሁ ማለቱ ነው። አንድ ወጣት ጥቅሱን ይዞ ለሥራ ተወዳድሮ ሳያልፍ ቀረና፣ ማታ መጥቶ «ቃሉ አልሠራልኝም» አለኝ። ቃሉማ የተጻፈው ለዚያች ማታ ነበር። ደግሞ «ተምሬአለሁ» የምትለዋን አትዝለሏት። ሐዋርያው እንኳ የተማረውን እኛ በአንድ የጸሎት ሌሊት እንዲወርድልን እንፈልጋለን።

ኑሮዬ ይበቃኛል ያለ ሰው ምንም አይጠይቅም ብሎ ማሰብም አለ። ያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ አምጣልኝ፣ ከክረምት በፊትም ድረስ ይላል። በርኖስ መጠየቅ ማጉረምረም አይደለም።

የራበውን ሰው «ይበቃኛል በል» ብሎ መስበክ፦ ያዕቆብ 2፥15-16 የሚያስፈልገውን ሳትሰጡት «ጥገብ» ብትሉት ምን ይጠቅመዋል ይላል። ሌላ አልጨምርም።

መታዘዝን እንደ ብድር መቁጠር ደግሞ ቀስ ብሎ ይገባል። «ይህን ያህል ታዝዤ ምን አገኘሁ?» መዝሙረኛው አሳፍም በመዝሙር 73 የክፉዎችን ምቾት አይቶ እዚያው ጫፍ ደርሶ ነበር። የተመለሰው ኑሮው ተሻሽሎለት አይደለም፤ ወደ መቅደሱ ገብቶ ነው። ጥያቄው ሲመጣባችሁ አትደብቁት፣ እሱም አልደበቀውም።

«ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን በሙሉ እታዘዛለሁ» የሚለው የእኔ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ውሳኔ በደብተር ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ አልጋ ሥር ነበር። እስራኤልም በዘጸአት 24 ያለውን ሁሉ እናደርጋለን አሉ፤ ሙሴ 40 ቀን ተራራ ላይ ሲቆይባቸው ጥጃ አሠሩ። በነህምያ 10 ያሉት፣ ከምርኮ የተመለሱት፣ ግን ነገሩን ለይተው ጻፉ፦ ከባዕዳን ጋር አለመጋባቱ፣ በሰንበት አለመገበያየቱ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የሚሰጠው። ምዕራፍ 13 ላይ ሦስቱም ፈርሰዋል። ሆኖም ተለይቶ ስለ ተጻፈ ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ የቱ ጋ እንደ ፈረሰ አላጣውም፤ የሰንበቱን ገበያ የከተማዋን በሮች በማዘጋት አስቆመ።

ስለዚህ አሁን ቡድኔን የምጠይቀው አንድ ጥቅስ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን ነው። አንዲት እህት «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የሚለውን ማቴዎስ 5፥23-24ን መርጣ፣ ከተቀያየመችው ወንድሟ ስም አጠገብ «እስከ ሐሙስ» ብላ ጻፈች። ሐሙስ ማታ ስትመጣ ፊቷ አልበራም። «ደወልኩ፣ አላነሳም» አለች። ከዚያ እስክሪብቶ ተበድራ «ሐሙስ»ን ሰርዛ «አርብ» ብላ ጻፈች።