ቆሮሶን ከኩሬ አውጥቶ ለገበያ ማድረስ

ሰበታም ሆነ ሆለታ አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሳ) ማርባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጫጩትና ስለ መኖ ነው። ስለ ማውጣቱ ብዙም አይጠይቅም። ኪሳራው ግን እዚያ ነው ያለው።

ከሁሉ በፊት ገዢ ያዙ። ዓሳ እንደ ሽንኩርት ለነገ አይቀመጥም። በጾም ሰሞን ፈላጊው ስለሚበዛ ምግብ ቤቶችን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ።

ከዋዜማው ጀምሮ መኖ አትስጡ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሳ ቶሎ አይበላሽም። በማለዳ ውሃውን እስከ ጉልበት አጉድሉ፣ መውጫው ላይ ወንፊት እሰሩ። ዓሳው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲጎነጭ ካያችሁ ግን ኦክስጅን አንሶታልና ፀሐይ ወጥታ እስኪያገግም አትንኩት።

አሁን መረቡ። ስፋቱ ከኩሬው ይብለጥ፣ ቁመቱም የውሃውን ጥልቀት እጥፍ ይሁን። አጎበር የሚጠቀሙ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት! ጭቃ ይይዛል፣ ጫጩቱን ይጨርሳል፣ የተነከረበት ፀረ ተባይም ለዓሳ መርዝ ነው።

ቆሮሶ ከላይ ይዘላል፣ ከታች ይሾልካል። ወንዱ ለመራቢያ ወለሉ ላይ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ መረቡ ሲመጣ ዓሳው እዚያ ውስጥ ይተኛና ገመዱ በላዩ ያልፋል። ስለዚህ ልባችሁ የታችኛው ገመድ ላይ ይሁን። እዚያ ላይ ለክብደት የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ከበደ ማለት ገመዱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቀለለ ማለት ደግሞ ይነሳል። ጭቃ ለበዛበት ኩሬ እኔ የምመርጠው ውሃ የሚጠጣ ወፍራም የጥጥ ገመድ ነው፣ ሳይሰምጥ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሰው ከዳርና ከዳር ቀስ ብሎ ይጎትት፣ ሦስተኛው ከኋላ እየተከተለ መረቡ የተያዘበትን ያላቅቅ። የታችኛው ገመድ ምንጊዜም ከላይኛው ይቅደም። ዳር ስትደርሱም መጀመሪያ እሱን ሳቡት፣ ላይኛውን ደግሞ ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሩጫ ዋጋ የለውም፣ ውሃውን ማደፍረስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉተታ ከመጀመሪያው ያነሰ ቢያወጣ አትደነቁ፣ የቀረው መሸሽን ለምዷል።

የወጣውን ወዲያው በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ በተለይ ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን)። ትንንሾቹን ለይታችሁ ንጹህ ውሃ ያለበት በርሜል ውስጥ አቆዩ። ለገበያ የሚሄደውን በሳጥን አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሳ እያደረጋችሁ ደርድሩ። የቀለጠው ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ከታች ይኑር። በረዶውን ቀድማችሁ አዘጋጁ እንጂ ዓሳው ከወጣ በኋላ ፍለጋ አትሂዱ።

ከዚያ ኩሬውን ጨርሳችሁ አፍስሱና ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ። አዲስ ጫጩት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።