ማግኔቶ ሲፈተሽ ሞተር ቢንገጫገጭ፦ አዲስ ማግኔቶ ከመግዛትዎ በፊት የታችኛውን ካንዴላ ይፍቱ

በትንሽ አውሮፕላን ለመነሳት ሲዘጋጁ ሞተሩን በደቂቃ 1700 ዙር ላይ አድርገው ማግኔቶዎቹን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጩትን ሁለት መሣሪያዎች) በየተራ ሲፈትሹ፣ በአንደኛው ላይ ዙሩ ከ125 በላይ ይወርድና ሞተሩ መንገጫገጭ ይጀምራል። እኔ በምሠራበት በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ሴስና 172 ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያመጡልኝ ችግር ይህ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚመጡት ማግኔቶው ሞቷል ብለው ፈርደው ነው።

አወራረዱን ልብ ይበሉ። ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ዙሩ በለስላሳው ብዙ ከወረደ፣ ማግኔቶው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ተዛብቷልና ለባለሙያ ይስጡት። ምንም ካልወረደ ደግሞ ደስ አይበልዎ፤ ማግኔቶውን የሚያጠፋው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ እያለ እንኳ ፕሮፔለሩን በእጁ የሚያዞር ሰው ሞተሩ ተነስቶበት ሊሞት ይችላል። ሽቦው እስኪጠገን ድረስ ማንም አይንካው። ዙሩ በድንገት ወርዶ ሞተሩ ከተንገጫገጨ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የካንዴላ ነው፤ ያውም በየሲሊንደሩ ካሉት ሁለት ካንዴላዎች የታችኛው።

ምክንያቱ በቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ) ነው። ከእነዚህ ሴስናዎች አንዱ የሆነው የ172ኤም ሞተር፣ ላይኮሚንግ ኦ-320-ኢ2ዲ የታሰበው 80/87 ለተባለው የቀድሞ የአውሮፕላን ቤንዚን ነበር። ዛሬ የምንቀዳለት 100ኤልኤል የተባለው ቤንዚን በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይይዛል፤ ይህም ለቀድሞው ቤንዚን ከተፈቀደው አራት እጥፍ ነው። እርሳሱን ከጭሱ ጋር ጠርጎ የሚያወጣ ኬሚካል በነዳጁ ውስጥ ቢኖርም፣ የሚሠራው የካንዴላው አፍንጫ በደንብ ሲግል ብቻ ነው። ነዳጅ በበዛበት የአየርና የነዳጅ ድብልቅ በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሞተር ካንዴላውን አያግለውም፤ እርሳሱም ወደ ታች ወርዶ እዚያው ይጠጥራል።

አንድ ደንበኛዬ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ማግኔቶ ካስቀየረ በኋላ፣ ችግሩ ሳይነቃነቅ ወደ እኔ መጣ። የሦስተኛውን ሲሊንደር የታችኛውን ካንዴላ ፈትቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ ግራጫ እንክብል በኤሌክትሮዶቹ መካከል ተወትፋ አገኘኋት። ካንዴላ ሳይፈቱ ማግኔቶ የሚሸጡ ሰዎች ያበሳጩኛል።

ጥፋተኛውን ሲሊንደር ለማግኘት፣ በሚንገጫገጨው ማግኔቶ ብቻ አንድ ደቂቃ ያህል ያሠሩትና ሞተሩን አጥፍተው የየሲሊንደሩን የጭስ ማውጫ ሙቀት ሳይነኩ በሚለካ ቴርሞሜትር ይለኩ፤ ከሌሎቹ የቀዘቀዘው እርሱ ነው። እርሳሱን በቀጭን ሹል መሣሪያ ፈልቅቀው ሲያወጡ ነጩን ሸክላ አይጫኑት። በሞተር የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ሸክላው ላይ የሚተወው የብረት ጭረት እሳቱን ይሰርቀዋል። የውስጥ ተቃውሞው ከ5000 ኦም ያለፈውን፣ የመሐል ኤሌክትሮዱ እንደ እንቁላል የሾጠጠውንና ከእጅ የወደቀውን ካንዴላ ይጣሉ። የወደቀ ካንዴላ ምንም ያልሆነ ቢመስልም ይጣሉት፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ሸክላ መሬት ላይ ደህና ሠርቶ አየር ላይ ይከዳል። ሲገጥሙ አዲስ የመዳብ ጋርኒሲዮን ያድርጉ፣ በ35 ፉት-ፓውንድ ያጥብቁ። የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ይህን ሥራ ራሱ እንዲሠራ የአሜሪካ ደንብ ይፈቅድለታል፤ በመዝገቡ ላይ ጽፎ መፈረም ግን ግዴታው ነው።

ካንዴላ ማጽዳት ብቻውን ግን እርሳሱ እንዳይመለስ አያደርገውም። ሞተሩ እንደተነሳ ሚክስቸሩን (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን መቆጣጠሪያ) ይሳቡና ነዳጁን ቀንሰው ድብልቁን ያቅጥኑት፤ ያውም ትሮትሉን (ጋዙን) ሲገፉ ሞተሩ እስኪንተፋተፍ ድረስ። በከፊል ማቅጠን አደገኛ ነው፤ ረስተው በዚያው ለመነሳት ቢሞክሩ ሞተሩ አያስጠነቅቅዎትም። ከማጥፋትዎ በፊት በ1800 ዙር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያሠሩት፣ ወደ 1200 ያውርዱትና ወዲያው በሚክስቸር ያጥፉት።

በመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ከገጠመዎት ድብልቁን አቅጥነው በ2000 ዙር አንድ ደቂቃ ያህል ያሠሩትና እንደገና ይፈትሹ። ካልጠራ፣ ተሳፋሪዎቹ ቢቸኩሉም አውሮፕላኑን ወደ ማቆሚያው ይመልሱት።