የኖራ ድንጋይን በጎንደር ቤት፦ አመራረጡ፣ አነጣጠፉና አያያዙ

ጎንደር የጥቁር ድንጋይ ከተማ ናት፤ ሆኖም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፋሲል ግቢን ጥቁር ድንጋዮች እርስ በርስ ያያያዘው ኖራ የሚገኘው ፈዛዛውን የኖራ ድንጋይ በማቃጠል ነው። ይኸው ድንጋይ ዛሬ ተሰንጥቆና ተለስልሶ ለወለልና ለግድግዳ ሲቀርብ፣ ብዙ ሰው «ቀለሙ አንድ ዓይነት አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ግን ሊመረጥ የሚገባው ስለዚሁ ነው እላለሁ።

በዓባይ ሸለቆ፣ በትግራይና በሐረርጌ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ሥር የተከማቸ ደለል ነው። ባዕድ ነገር ያልገባበት ነጭ ይሆናል፤ ብረት ያለበት ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ያደላል፤ ጭቃና ብስባሽ የተቀላቀለበት ይጠቁራል። አንዱን ንጣፍ አርጥባችሁ ወደ መስኮት ብታዘነብሉት፣ ጥፍር የምታህል የዛጎል ቅርጽ ልታገኙበት ትችላላችሁ።

ስለዚህ አንድ ናሙና ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ለክፍሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ ለስባሪ አሥር በመቶ ያህል ጨምራችሁ፣ በአንድ ጊዜ ግዙ። ግንበኛው ማጣበቂያውን ከማቡካቱ በፊት ከየካርቶኑ እያቀላቀላችሁ በደረቁ ደርድሩትና በጠዋትም በማታም ብርሃን ተመልከቱት፤ የማትወዱት ከቁም ሣጥን ሥር ይግባ፣ ዛጎል ያለበት ደግሞ በመግቢያው በኩል ይታይ። ማጣበቂያው ነጭ ይሁን፣ ግራጫው ሲሚንቶ ወደ ፈዛዛው ድንጋይ ሰርጎ ያጠቁረዋልና። አንዱን የሳሎን ግድግዳ በአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ብታስገነቡ የወለሉ ፍካት ይበልጥ ይጎላል።

በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን አልመክረውም። በፋሲካ ዋዜማ ለዶሮ ማጠቢያ የተቆረጠ ሎሚ በእኛ ቤት ድንጋይ ላይ ተረስቶ አድሮ፣ በማግስቱ ክብ ደብዛዛ ጠባሳ ትቶ አግኝተነዋል። ይህ እድፍ ስላልሆነ በመታጠብ አይለቅም፤ አሲዱ የድንጋዩን ገጽ በልቶታል። ለድንጋይ የተዘጋጀው መከላከያ ቅብ ዘይትና ቡና እንዳይሰርግ ያግዛል እንጂ ሎሚንም ኮምጣጤንም አይመክትም። ወለሉን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ ለሽንት ቤት የሚሸጠውን አሲድ ፈጽሞ አታስነኩት።