ከጅማ ለመጡ፦ ማስታወቂያ ሳይጠብቁ አሜሪካ ውስጥ ሥራ መፈለግ

ጅማ ውስጥ ሥራ እንዴት እንደሚገኝ ለጅማ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ወሬው ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት ደርሷል፤ ሰው ለሰው ይነግራል፣ የሰማውም ቀድሞ ይሄዳል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ሲገባ ግን የአገሩ አሠራር ፈጽሞ ሌላ ስለሚመስለው፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በኢንተርኔት የወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ ሲሞላ ይከርማል። ሥራ በጠፋበት ወቅት ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚጋፋው እዚያ ነው፤ የአሜሪካ የሥራ ልምድ የሌለው አመልካችም ማንም ሳያነበው ሊጣል ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻ መሙላቱን ሙሉ በሙሉ ባይተዉም፣ አብዛኛውን ጊዜዎን ከጅማ ይዘውት የመጡትን ዕውቀት ለሚፈልገው ሰው በቀጥታ ለማሳየት ቢያውሉት ይሻላል።

አስቀድሞ ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና። በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል በኢሚግራንት ቪዛ የገባ ሰው ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪደርሰው መሥራት የማይችል ይመስለዋል። ነገር ግን ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ሲገባ ማኅተም ከተመታበት ለ1 ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ አሠሪው የሠራተኛውን የመሥራት መብት የሚያረጋግጥበትን አይ-9 የተባለውን ቅጽ ሲሞላም ሊቀበለው ይገባል። ለሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አመልክቶ ቁጥሩን እየጠበቀ ያለ ሰውም ሥራ እንዳይጀምር ሕጉ አይከለክለውም።

ከጅማ የመጣ ሰው ከሌላው አመልካች የሚለይበት አንዱ ነገር ቡና ነው፤ ይህን የምለው ለአገር ኩራት ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን እየመረጠ ለገበሬው አከፋፈለ፤ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የመጀመሪያ ሁለት አኃዞቻቸውን ያገኙት ከተመረጡበት ከእ.ኤ.አ. 1974 ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቡና እየቆሉ የሚሸጡ ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች እነዚህኑ ቁጥሮች ማሸጊያቸው ላይ ያትማሉ፤ በአጋሮ ዙሪያ ያሉትን እንደ ዱሮሚና እና ናኖ ጫላ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም ጭምር የሚጽፉ አሉ። ሆኖም ከባንኮኒው ጀርባ ከቆሙት ሠራተኞች አብዛኞቹ የቡና ዛፍ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እሸት ቡና የለቀመ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያገላበጠ፣ ዝናብ ሲመጣ ለመሸፈን የሮጠ፣ ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የሚደርቀው ቡና) በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ምን ዓይነት ሽታ እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሰው ለእነርሱ ተራ አመልካች አይደለም።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በከተማዎ የጅማ ወይም የአጋሮ ቡና የሚሸጥ ድርጅት ይፈልጉ፤ ብዙዎቹ ካፒንግ የሚሉትን የቡና ቅምሻ ለሕዝብ ክፍት አድርገው ስለሚያዘጋጁ በዚያ ቀን ይገኙ። ሥራ አለ ወይ ብለው አይጀምሩ፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል፣ መልሱም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ይልቁንም ስለቀመሱት ቡና የሚያውቁትን ይናገሩ፤ ከዚያም ቡናውን ከሚገዛው ወይም ከሚቆላው ሰው ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል የሚነጋገሩበት ቀጠሮ ይጠይቁ። በቀጠሮው ቀን ለድርጅቱ የሚጠቅም አንድ የተወሰነ ሐሳብ ይዘው ይሂዱ፦ ለምሳሌ ማሸጊያው ላይ ተዛብተው የተጻፉ የቦታ ስሞችን ማረም፣ ወይም ለደንበኞች የአደራረቁን ሂደት በአንድ ምሽት ማስረዳት። ቢቀጠሩ መጀመሪያ የሚሰጥዎት ሥራ ማሸግና ጆንያ ማንሳት ሊሆን ይችላል፤ ጆንያው ደግሞ ባሕር ስለተሻገረ አልቀለለም፣ እዚያም ያው 60 ኪሎ ነው። ክፍያውም መጀመሪያ ላይ የሚያስደስት ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ወደ ጥራት ቁጥጥርና ወደ ግዢ የሚያስገባ መንገድ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ምንም ከማይገናኝ ሥራ ይመረጣል።

ሁለተኛው ሀብት አማርኛና አፋን ኦሮሞን አጣምሮ መናገር ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ችሎታ ማንም እንደ ሙያ አይቆጥረውም፤ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ሁሉ ያደርገዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ብዙ ኦሮሞዎች በሚኖሩባት ሚኒሶታና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው። እንግሊዝኛዎ ጠንካራ ከሆነ፣ ለብሔራዊ የሕክምና አስተርጓሚነት ማረጋገጫ የሚጠየቀው ሥልጠና ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ልብ ሊሉት የሚገባው፣ አብዛኛው የማስተርጎም ሥራ በኮንትራት የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ማንም ግብር ቀንሶ ስለማያስቀምጥልዎ፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የሚሆነውን የግል ሠራተኛ ግብር ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ራስዎ ያስቀምጡ።

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በጤና ሙያ የተመረቁ ሰዎች ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ እዚህ ዘርዝሬ አልጨርሰውም። እስከዚያው ግን ዩኒቨርሲቲው በሚታወቅበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ወቅት የሠሩትን አይናቁ። በተማሪነት ዘመን ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ መሰብሰብና ጤና ማስተማር፣ አሜሪካ ውስጥ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ የሚባለው ሰው የሚቀጠርበት ሥራ ነው፤ ሬዙሜው (ለአሠሪ የሚቀርበው የትምህርትና የሥራ ልምድ መግለጫ) ላይ ከኮርስ ዝርዝር ይልቅ ይህ በግልጽ ይጻፍ። ፎቶ፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ ግን በአሜሪካ ሬዙሜ ላይ አይገቡም። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ለመጀመር ያሰበ ሰውም ለሥልጠና ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ በተባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች የሚከፈለው ተቋም የቀጠረውን፣ ወይም ሥልጠናው ሲጀመር እቀጥርሃለሁ ብሎ ቃል የሰጠውን ሰው ሥልጠናውን ማስከፈል በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። ይህን ሳያውቁ ከደላላ መሰል ትምህርት ቤቶች ጋር የሚዋዋሉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም።

የቤት ኪራይ አይጠብቅምና፣ ዘመድ ያገኘልዎትን የፓርኪንግ ወይም የመጋዘን ሥራ መቀበል ተገቢ ነው። ሆኖም ከተቻለ የማታ ፈረቃ ይምረጡ፤ ሰው የሚገኘውና ቀጠሮ የሚያዘው በቀን ነው። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ በማግስቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ይላኩ፤ በዚያውም ቢያነጋግሩት የሚጠቅምዎትን አንድ ሌላ ሰው እንዲጠቁምዎት ይጠይቁ። ለተጠቆመው ሰው ሲጽፉ ደግሞ የላከዎትን ሰው ስም፣ እርሱ ከፈቀደ፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያስገቡ።