ፈጥኖ የሚያድግ መንጋ ለማግኘት አውራ በግ እንዴት ይመረጣል?

በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉ ግልገሎች ክብደታቸው የሚለያየው በከፊል ከወላጆቻቸው በወረሱት ዘረመል፣ በከፊል ደግሞ በመኖው፣ በጤናቸው፣ በእናታቸው ወተትና በተወለዱበት ወቅት ምክንያት ነው። ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚሻገረው ዘረመሉ ብቻ በመሆኑ፣ አርቢው ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን ከሌላው መለየት አለበት፤ ዓይን ብቻውን ይህን አይለይም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ግልገሉ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመዝኖ የጆሮ ቁጥር ይደረግለት፤ የልደት ቀኑ፣ ጾታው፣ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑ፣ የወላጆቹ ቁጥርና የእናቱ ዕድሜም ይጻፍ። አባቱ በእርግጥ እንዲታወቅ እናት በጎችን በቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አውራ ብቻ መልቀቅ ያስፈልጋል። የጠገበ በግ ከባዶ ሆዱ ይልቅ በሚዛን ላይ ስለሚከብድ፣ ሁሉም ጠዋት ለግጦሽ ሳይወጡ ቢመዘኑ ይሻላል።

ጡት በሚጥሉበት ጊዜ የተገኘው ክብደት እንዳለ አይነጻጸርም። የልደት ክብደቱን ቀንሰው ቀሪውን ለዕድሜው በቀናት ያካፍሉት፤ ሁሉም በ90 ቀን ዕድሜ እንዲነጻጸሩ የተገኘውን ዕለታዊ ዕድገት በ90 አባዝተው የልደት ክብደቱን መልሰው ይደምሩበት። ለምሳሌ 3 ኪሎ ሆኖ በነጠላ የተወለደ ጠቦት በ100 ቀኑ 17 ኪሎ ቢመዝን፣ የ90 ቀን ክብደቱ 15.6 ኪሎ ነው። 2.4 ኪሎ ሆኖ የተወለደ መንታ በ80 ቀኑ 14 ኪሎ ቢመዝን ደግሞ 15.45 ኪሎ ይሆናል። በሚዛን የ3 ኪሎ ልዩነት የነበራቸው ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ መንታው ወተት እየተሻማ ማደጉ ሲታሰብ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። በዚሁ ምክንያት መንታ ከመንታ፣ ወንድ ከወንድ፣ የመጀመሪያ ወላጅ ልጅም ከመሰሉ ጋር ይወዳደር።

ከምርጫው የሚጠበቀው ውጤት ልክ አለው። የተመረጡት ወላጆች ከመንጋው አማካይ በ4 ኪሎ ቢበልጡና የባሕርይው የመውረስ ምጣኔ (በእንስሳቱ መካከል ካለው ልዩነት በዘረመል ምክንያት የመጣው ድርሻ) 0.25 ቢሆን፣ ልጆቻቸው በአማካይ በ1 ኪሎ ይሻሻላሉ፤ ምርጫው በአውራው ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ኪሎ ብቻ ይገኛል። የጡት መጣያ ክብደት የእናትን ወተት ስለሚያንጸባርቅ የመውረስ ምጣኔው አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ክብደት ያነሰ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያው ምዘና ጥቂት ጠቦቶችን ለይቶ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ዓመት ሲሞላቸው መስጠት ይመረጣል።

ዕድገት የበርካታ ዘረመሎች ድምር ስለሆነ አንድን ዘረመል ብቻ መርምሮ አውራ መምረጥ አያዛልቅም። ቴክሰል በተባለው የበግ ዝርያ ጡንቻ የሚያበዛው፣ የጡንቻን ዕድገት በሚገታው ማዮስታቲን በተባለ ዘረመል ላይ የሚታየው ለውጥ ትልቅ ውጤት ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለው ግን ብዙ አያጋጥምም። ክብደትን ብቻ ማሳደድም የልደት ክብደትን አብሮ ስለሚያሳድግ ምጥ ሊያስቸግር ይችላል፤ የበሰሉት እናቶች የመኖ ፍጆታም ይጨምራል።

የዘረመል ልዩነቱ ሲጠብ የሚመረጥበትም ይጠፋል። አባት ከልጁ ሲዳቀል የሚወለደው የዝምድና መጠኑ (ከአባቱና ከእናቱ አንድ ዓይነት የዘረመል ቅጂ የመውረስ ዕድሉ) 25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ሲዳቀሉ 12.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ዕድገትን ይቀንሳል፣ የግልገል ሞትንም ያበዛል። ስለዚህ አውራው ሴት ልጆቹ ለመዳቀል ከመድረሳቸው በፊት ይለወጥ፤ ያልተመረጡ ጠቦቶችም ከ4 ወር ገደማ ጀምረው ሴቶቹን ሊያስረግዙ ስለሚችሉ ቀደም ብለው ይኮላሹ ወይም ከሴቶቹ ይለዩ።