ጅማ ላይ ኮንፈረንስ ሲዘጋጅ በሥራ ድልድል የሚፈጸሙ ስህተቶች

አዘጋጅ ኮሚቴዎች የሥራ ድልድሉን ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይጨርሱታል። ምዝገባ፣ መስተንግዶ፣ ፕሮቶኮል፣ ሎጂስቲክስ ይባላል፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ ሦስት አራት ስም ይሰፍራል። በጉባኤው ዕለት ማይክ ሲዘጋ ግን ሁሉም «እገሌ ይዞታል» ብሎ ይቆማል። የሚከተሉት ስህተቶች የተመረጡት 120 ያህል ተሳታፊ ያለውን የሁለት ቀን ሙያዊ ጉባኤ በማሰብ ነው።

አንድን ሥራ ለብዙ ሰው መስጠት

ለአንድ ሥራ አንድ ስም፣ አንድ ስልክ ቁጥርና አንድ ተጠባባቂ ይበቃዋል። ሌሎቹ ረዳት ይሁኑ፤ ተጠያቂው ግን አንዱ ነው። ሥራውም በግሥ ይጻፍ። «ድምፅ» ብሎ መጻፍ ሥራ አይሰጥም፤ «ከጠዋቱ 2፡00 ላይ አራቱን ማይክ መፈተሽ፣ ባትሪ መቀየር፣ ሁለቱን ለጠያቂዎች ማዘጋጀት» ቢባል ግን ማንም አይሳሳትም።

ከሥራው ጋር ሥልጣኑም መሰጠት አለበት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያልቅበት፣ ኃላፊው ለመግዛት የሦስት ሰው ፊርማ የሚፈልግ ከሆነ ኃላፊነቱ የወረቀት ነው። ሳይጠይቅ ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ ጣራ አስቀድሞ ይወሰን። የጄኔሬተር ክፍሉ ቁልፍም በእጁ ይሁን፤ በአዳራሹ ጠባቂ ኪስ ያለ ቁልፍ የት እንደሚውል አይታወቅም። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ባለ ላምፕ ፕሮጀክተር እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ስለሚፈልግ፣ ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ላይ ማገናኘት የዚሁ ሰው ሥራ ነው።

የመድረክ መሪን በማዕረግ ብቻ መምረጥ

ብዙ ጉባኤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተ በመሆኑ፣ በከተማዋ በሚደረግ ጉባኤ የቡና በሽታ አጥኚና የወባ ሐኪም በአንድ አዳራሽ ሊቀመጡ ይችላሉ። አንጋፋ ስለሆኑ ብቻ ከዘርፋቸው ውጭ ያለ መድረክ የሚመሩ ሰው ክርክሩ የት ላይ እንዳለ ስለማያውቁ ዕድሉን ሁሉ እጅ ቀድሞ ላወጣ ይሰጣሉ፤ ወይም ራሳቸው ሌላ ንግግር ያደርጋሉ። ዘርፉን የሚያውቅ ሰው ይመረጥ። አንጋፋዎቹን የመክፈቻ ንግግር ወይም የማጠቃለያ አስተያየት በመስጠት ማክበር ይቻላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ90 ደቂቃ ውስጥ አራት አቅራቢ ካለ፣ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ማቅረቢያና 5 ደቂቃ ጥያቄ ሲሰጥ 80 ደቂቃ ይሄዳል። የቀረችው 10 ደቂቃ ለማስተዋወቅና ለመቀያየር ናት። አራቱም አምስት አምስት ደቂቃ ቢያልፉ 20 ደቂቃ ከምሳ ላይ ተወሰደ ማለት ነው።

ሰዓት ተቆጣጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ረዳት ነው። «ፕሮፌሰር፣ ሰዓትዎ አልቋል» ብሎ ማስቆም በእኛ ባህል ለእሱ ከባድ ነውና አይጫንበት። ከአቅራቢው ፊት ለፊት፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጦ «5»፣ «2» እና «ያብቁ» የሚሉ ካርዶች ያሳይ። ከዚያ በኋላ ማስቆም የመድረክ መሪው ድርሻ ነው፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ሲቆሙ አቅራቢው ይገባዋል። ይህን ልማድ ከመክፈቻው በፊት ለአቅራቢዎች ሁሉ መንገር ቅሬታን ያስቀራል።

ቃለ ጉባኤ ያዡን በመጨረሻ ማሰብ

መድረክ የሚመራ ሰው ማስታወሻ ሊይዝ አይችልም፤ በዚያው መድረክ የሚያቀርብም እንዲሁ። ጉዳዩን የማያውቅ ተለማማጅ ቢመደብ ደግሞ «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ መድረክ ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያመለጠውን ይሞላል። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የተነሣው ጥያቄ፣ የተሰጠው መልስ፣ ሳይስማሙ የቀሩበት ነጥብ፣ ማን ምን ሊያደርግ ቃል እንደገባ። ርክክቡ በዚያው ምሽት ይሁን። ካደረ ግማሹ ይረሳል።

አስተርጓሚን ከአዳራሹ መፈለግ

በጅማ ጉባኤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ቀን ሊሰሙ ይችላሉ። «ከእናንተ ማን ይተረጉምልናል?» ብሎ መድረክ ላይ መጠየቅ አቅራቢውንም ተርጓሚውንም ያሳፍራል። አቅራቢው ቆም እያለ የሚተረጎም ከሆነ የ15 ደቂቃው ንግግር ወደ 30 ስለሚጠጋ መርሐ ግብሩ ያንን ታሳቢ ያድርግ። በጆሮ ማዳመጫ እኩል የሚተረጎም ከሆነ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው የሚቀያየሩ ሁለት ሰዎች ለአንድ ቋንቋ ያስፈልጋሉ። ስላይዱም ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይድረሳቸው።

ምዝገባንና አበልን በአንድ ጠረጴዛ ማድረግ

በአንድ ጠረጴዛ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 120 ሰው ለመመዝገብ ሁለት ሰዓት ያልቃል። በሦስት ጠረጴዛ 40 ደቂቃ ነው፤ ባጁ ቀድሞ ከታተመ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ወረፋው በራስ ስም ፊደል ይከፈል፤ ግን ዝርዝሩ በ«ሀ ለ ሐ» ይሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ሠራተኞቹም በበሩ ላይ የተለጠፈውም ምልክት ይስማሙ።

የፋይናንስ ሠራተኛው ከዚህ ጠረጴዛ ይራቅ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከጉባኤው በፊት በቅጽ ይሰብሰብ፤ ፊርማው በሻይ እረፍት ይሁን። መድረክ እየተካሄደ «አበል ይፈረማል» የሚል ወሬ ከተሰማ አቅራቢው ለባዶ ወንበር ነው የሚናገረው፤ ማንም ሊወቀስ አይችልም።

መስተንግዶውን ለሆቴሉ ብቻ መተው

ሆቴሉ ያበስላል፤ ማን ምን እንደሚበላ የሚያውቀው ግን አዘጋጁ ነው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ፣ ማንኪያውም ሳይቀር፣ ተለይቶ ምልክት መደረጉን፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ በበቂ መኖሩን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ይሾም። ጉባኤው ዓርብን ካካተተ ለጁምዓ ሶላት የምሳው እረፍት ከ6፡00 እስከ 8፡00 ይዘርጋ። ቡናው ደግሞ፣ የጅማ እንግዳ በእርግጥ ይጠብቀዋል። በ20 ደቂቃ እረፍት አቦል ቶና በረካ ማለት ዘበት ነውና አቦሉ ይበቃል። ቆልቶ ወቅጦ ማዘጋጀቱ ከእረፍቱ በፊት ከአዳራሹ ውጭ ይለቅ፤ መካከለኛ ጀበና ከአስር ሲኒ ብዙም ስለማያልፍ አንዲት ቡና አፍይ 120 ሰው አታዳርስም።

እንግዳ ተቀባዩን ከሹፌሩ ጋር ማምታታት

ሹፌር መኪና ይነዳል፤ እንግዳ ተቀባይ ግን በረራ ቢዘገይ የማን መድረክ ከማን ጋር እንደሚቀያየር ለፕሮግራም ኃላፊው ይደውላል። ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በጠዋት የሚያቀርብ ሰው በዋዜማው ጅማ ይደር።

በኢንተርኔት ከውጭ ለሚያቀርብ ሰው «3፡00» ብሎ መጻፍ ሌላው ወጥመድ ነው፤ እሱ ሌሊት ሊነሣ ይችላል። በሁለቱም አቆጣጠር ሰዓቱንም ቀኑንም ጽፎ ልኮ ማረጋገጫ የሚቀበል አንድ ሰው ይኑር።

«እንጀምር» የሚለውን ሰው አለመወሰን

የክብር እንግዳው ሲዘገዩ ፕሮቶኮሉ ስልክ ይዞ ይወጣል፣ መድረክ አስተዋዋቂው ሙዚቃ ያስከፍታል፣ ታዳሚው ይጠብቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ወደፊት አምጥቶ የማስጀመር ሥልጣን ለአንድ ሰው በጽሑፍ ይሰጥ፤ ለእንግዳው ጽሕፈት ቤትም ከቀናት በፊት ይነገር። እንግዳው ሲደርሱ አቅራቢው እስኪጨርስ በክብር ቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ንግግራቸው ከዚያ ይከተላል።